የጋሻዬ ጉንጭ

የእናቷ ጣቶች በሳንቃው ላይ ከግንባር ወደ አፍንጫ ሲወርዱ ይማርሽ ትንፋሿን ዋጠች። ሳንቃው ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም። በላዩ ያለው የወንድሟ ፊት ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ብልባላ ገበያ እንደወጣ የቀረው የጋሻዬ። ፎቶ አልተረፈለትም፤ ቢተርፍስ ዓይኗ ለጠፋ እናት ምን ሊበጃት? ስለዚህ ይማርሽ ከየባለሙያው ደጅ የተጣለ ለቀመች። ብራና ፋቂው የጣለው ቁራጭ ቆዳ ግንባር ሆነ፣ የበርኖስ ጠጉር ፀጉር ሆነ፣ ከስፌት የተረፈ ስንደዶ ቅንድብ ሆነ። ጉንጩ ግን ከፈይ ነው፤ ከልብስ ሰፊው ከውባንተ የብጣሽ ጆንያ የወጣ ለስላሳ ቀይ ከፈይ። እናትየዋ ሌላውን ዳስሳ ታልፋለች። ጉንጩ ላይ ስትደርስ እጇ አይነሳም።

ውባንተ ቁጭ በል ቢባልም እምቢ ብሎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ከፈዩ የታቦቱ አሮጌ ጥላ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላድሰው ተቀብዬ የፈታሁትን ከብጣሹ ጋር ቀላቀልሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የአዲስ ልብስ ትራፊ መስሎኝ ነው እኮ፣ አያ።»

«አውቃለሁ። ግን ታቦት የተጠለለበት ሰው ቤት አይውልም። ነገ ጠዋት አሮጌው በሙሉ ይቃጠላል። ጎደለ ቢሉኝ ምን ልበል?»

የታቦትን ዕቃ ቤቷ ማሳደር ይማርሽን ያስፈራታል፤ መቅሰፍት ነው። ጉንጩን መላጥ ደግሞ ልጁን ከእናቷ እጅ ሁለተኛ መንጠቅ ነው።

«ሌላ ከፈይ የለህም?»

«ያለኝ ናይለን ነው።»

«እማ፣ እስቲ አንዴ አቧራውን ላራግፍለት» ብላ ዋሸችና ሳንቃውን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። በቢላዋ ጫፍ ጨርቁን ከጠርዙ ጀምራ ፈለቀቀችው። ተከትሏት የወጣው ውባንተ ተሳለመው፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለለው፣ ሳይሰናበትም ሄደ። የደረቀው ሙጫ ግን እንጨቱ ላይ ሻካራ ሆኖ ቀረ። ፋቀችው፤ አልለቅም አላት።

«አምጪው እንጂ» አለች እናቷ ከውስጥ። «ምነው ቆየሽ?»

ሰጠቻት። ጣቶቹ ግንባሩን አለፉ፣ አፍንጫውን አለፉ፣ ጉንጩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ይማርሽ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች።

እናቷ ሻካራውን ወደ ላይ ወደ ታች አሸችው።

«ጢም አወጣ» አለች ቀስ ብላ። «ሲሄድ እኮ ልጅ ነበር።»