የግብ ጠባቂዋ ሁለት ስም

ኮምፒውተሩ ሃኒን ለሦስተኛ ጊዜ መለሳት።

ሰርክ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። መነጽሩ ምንም አልነበረበትም። አሥራ ዘጠኙ ተጫዋቾች በየስማቸው አጠገብ አረንጓዴ ምልክት ይዘው ተደርድረዋል፤ በሃያኛው መስመር ላይ ያለችው ግብ ጠባቂዋ ብቻ ቀይ ሆናለች። የፓስፖርቱና የተጫዋች መታወቂያው ስም አይገናኝም ይላል መልእክቱ።

ጉርድ ሾላ ያለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትገኘው ይህች ቢሮ የክለቡ ጽሕፈት ቤትም፣ የማሊያ መጋዘንም፣ ዝናብ ሲጥል የስብሰባ አዳራሽም ናት። ሰርክ እዚህ ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ሰው ስለ ኳስ ሲያወራ ጎሉን ያወራል፤ ጎሉ ከመግባቱ በፊት ስንት ወረቀት መግባት እንዳለበት የምታውቀው ግን እሷ ናት። በምሥራቅ አፍሪካ የሴት ክለቦች ሊግ የየአገሩ ሻምፒዮን የሆኑ ስምንት ክለቦች ዳሬሰላም ላይ በሁለት ምድብ ተከፍለው ይገናኛሉ፤ ከየምድቡ ሁለት ሁለት ያልፋሉ፤ ዋንጫውን የወሰደው ወደ አህጉሩ ውድድር ይሄዳል። ይህን ጋዜጣውም ይጽፈዋል። ሃያ ፓስፖርት፣ ሃያ የልብ ምርመራ፣ ሃያ ቴሴራ የሚባለው የተጫዋች መታወቂያ፣ የሁለት ዓይነት ማሊያ ፎቶግራፍ ከነቁጥሩ ዛሬ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ተጠናቆ መላክ እንዳለበት የሚጽፍ ጋዜጣ ግን የለም። ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ስም መጨመር፣ ስም መቀነስ የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት ኪጋሊ ላይ በተደረገው ውድድር ሰርክ የአንዲት ተከላካይ የልደት ዓመት በጥድፊያ ተሳስታ አስገብታ ነበር። ልጆቹ ሜዳ ላይ ሁለት ለአንድ ያሸነፉት ጨዋታ በፎርፌ ሦስት ለዜሮ ተፈረደባቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሰርክ ግን ያፈሰሰችውን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ሲያለቅሱ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስትሰማ ነው ያመሸችው። ከዚያ ወዲህ አንዲትን ወረቀት አራት ጊዜ ሳታነብ አታስገባም።

«ምን ሆነች?» አለ የቡድን መሪው ጌድዮን፣ ከትከሻዋ በላይ እያየ።

«ቴሴራዋ ሃኒ ወልደሰንበት ይላል። ትናንት የደረሰው ፓስፖርት ደግሞ ሃኒ ለይኩን።»

«ለይኩን ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ጌድዮን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰርክዬ፣ የቴሴራው ኮፒ ላይ አንድ ስም መለወጥ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፎቶ ቤቱ ያለው ልጅ ይሠራልናል።»

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ እያለሁ አይሆንም።»

«እሺ፣ ሳምራን እናስገባ። እሷም ግብ ጠባቂ ናት፤ ወረቀቷ ሙሉ ነው።»

ሰርክ የውድድሩን ደንብ ገለጠች። አንቀጹን ታውቀዋለች፤ ግን አነበበችው። ተጫዋቿን ያሳደገና በመታወቂያዋ ስም ያስመዘገበ ሰው በውል ማረጋገጫ ቢሮ ቀርቦ ቃለ መሐላ ከፈረመ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ተብለው ይያዛሉ። ቢሮው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

«አሥር ሰዓት ተኩል ድረስ እጠብቅሻለሁ» አለ ጌድዮን። «ከዚያ ሳምራን አስገባለሁ። ሃያ ሰው ተፈቅዶልኝ አሥራ ዘጠኝ ይዤ አልሄድም።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው ነው።

ሃኒን ከልምምድ ላይ አስጠሯት። በታክሲ ከመገናኛ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲጓዙ ልጅቷ ረጃጅም እጆቿን ጭኖቿ መሃል ሸጉጣ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሜዳ ላይ ተከላካዮቹን የምትቆጣበት ድምፅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ታክሲ ውስጥ ግን መኖሯም አይታወቅም።

«ለይኩን ማነው፣ ሃኒ?» አለች ሰርክ።

«አባቴ ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«ዓይቼው አላውቅማ።»

ቀስ በቀስ ነገረቻት። ያሳደጓት አባባ ወልደሰንበት አያቷ ናቸው። ልጃቸው የማርያምወርቅ ሃኒን ወልዳ በስምንተኛው ወር ሞተች። ለይኩን የሚባለው ሰው ሃኒ ከመወለዷ በፊት ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ እንደሄደ ቀረ። ሽማግሌው ሕፃኗን ታቅፈው አሳደጉ፤ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧት የአባት ስም ሲጠየቁ የራሳቸውን ሰጡ። ቀድመው የሞቱትን ሚስታቸውን እናትሽ ናት አሏት። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፏ የተሰቀለውን የማርያምወርቅን ደግሞ ታላቅ እህትሽ አሏት። ጎረቤቱ ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ግን ማንም አንስቶት አያውቅም።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«የክትባት ካርዴን ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ። እናት የማርያምወርቅ ወልደሰንበት፣ አባት ለይኩን ዘነበ ይላል።»

«ጠየቅሻቸው?»

«እንዴት ብዬ?» አለች ሃኒ። «ማወቄን አያውቅም። ለፓስፖርቱ የልደት ካርድ ላወጣ ስሄድ ወረዳው ያንን ካርድ አይቶ የአባትሽ ስም ይህ ነው ብሎ ጻፈው። ዝም አልኩ። ፓስፖርቱ አንቺ መሳቢያ ውስጥ ስለሚቀመጥ አባባ አያየውም ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለአንቺ ከነገርኩ ስሙ ይነሳል። ከተነሳ አባባ ጆሮ ይደርሳል።»

ሰርክ መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የተነገረ ቃል ይህን ሁሉ ዳገት ባስቀረ ነበር። ግን ተወችው። ልጅቷ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን የያዘችውን ነገር እሷ ለአንድ ሳምንት የምትችለው አልመሰላትም።

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ በሚልበት ቦታ ወረዱ። ጠበል ተጠምቀው የሚመለሱ ሰዎች ቢጫ ጀሪካን ይዘው በጎናቸው አለፉ። ነፋሱ ከታች ከተማው ካለው ይልቅ ይበርዳል። አባባ ወልደሰንበት ጓሯቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ድንች እያወጡ ነበር። ሃኒ አጥሩ ጋ ቆመች፤ እግሯ አልራመድ አለ። ሰርክ ብቻዋን ገብታ ሰላምታ ሰጠችና ራሷን አስተዋወቀች፤ የመጣችበትንም ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ቀና አላሉም። አንድ ድንች አንስተው አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ።

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ ልጄ» አሉ። «ትሰማለች።»

ሰርክ አጥሩ ጋ ወዳለችው ሃኒ ዘወር ብላ አይታ ጠጋ አለቻቸው።

«ምን ብዬ ነው የምምለው?» አሉ።

«ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ በስሜ ያስመዘገብኳትም እኔ ነኝ፤ ወላጅ አባቷ ግን አይደለሁም ብለው።»

«ልጄ አይደለችም ብዬ።»

«የወለዷት እርስዎ አይደሉም ለማለት ነው፣ አባቴ።»

«ልዩነቱ ለእናንተ ነው የሚታያችሁ።» አሁን ቀና አሉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። «ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ለእውነት እንኳ ምዬ አላውቅም። ዛሬ በሐሰት ልማል?»

«ሐሰት አይደለም እኮ።»

«አንቺ የትኛው ሌሊት ነበርሽ? ኩፍኝ ሲይዛት ነበርሽ? ጥርሷ ሲወጣ ነበርሽ?» አሉ። «የማርያምወርቅ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ ልጄን አባት የላትም አታሰኝብኝ አለችኝ። አላሰኝም አልኳት። ይኸው ዛሬ በገዛ አፌ አባት የላትም ልበል?»

ሰርክ ሰዓቷን ሳታይ ስንት እንደሆነ ታውቅ ነበር። ግን መጎትጎት አልቻለችም። ደንቡ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ የለውም።

«አባባ» አለች ሃኒ ከኋላቸው። አጥሩን መቼ እንዳለፈች አላዩዋትም። «እኔ አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ያ ድንች በእጃቸው እንዳለ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከስምንተኛ ክፍል።»

ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ የሰው ድምፅ ይሰማል። «ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ» አሉ በመጨረሻ፣ «አባባ ስትይ ማንን ነበር የምትጠሪው?»

«አንተን ነዋ። ሌላ ማንን ልጥራ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሃኒ ሄዳ እግራቸው ሥር አፈሩ ላይ ተንበረከከች። «ከከበደህ ይቅር» አለች። «ሳምራ ትሂድ። ጎበዝ ናት። እኔ ለሚቀጥለው ዓመት እደርሳለሁ።»

ለሚቀጥለው ዓመት ክለቡ ሻምፒዮን ይሁን አይሁን ማንም እንደማያውቅ ሰርክ አልተናገረችም። ሃኒም ታውቀዋለች።

አባባ ወልደሰንበት ልጅቷን ትከሻዋን ይዘው ተነሡ። «ተነሽ፣ ልብስሽን አታቆሽሺ» አሉ። «እኔ የፈራሁት አንቺን ነበር። አንቺ ካወቅሽ ለጸሐፊ መናገር ምን ይከብዳል? እጄን ልታጠብና እንሂድ።»

ውል ማረጋገጫ ቢሮው ሲደርሱ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር፤ ሰርክ ከመንገድ ላይ ደውላ ጌድዮንን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ እንዲጠብቃት ለመነችው። ጸሐፊዋ ወጣት ሴት ናት። ፎርሙን ሞልታ፣ እንደ ሥርዓቱ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ ሃኒ በስሜ ተመዝግባ የቆየች ብትሆንም ወላጅ አባቷ አለመሆኔን፣ የእናቷ አባት መሆኔን በመሐላ አረጋግጣለሁ።

«ሌላ የሚጨመር የለም?» አሉ ሽማግሌው።

«ፎርሙ ይኸው ነው አባቴ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

አባባ ወልደሰንበት እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ። ሃኒ በጎናቸው ቆማለች። ስማቸውን ከነአባታቸው ስም፣ ወልደሰንበት ኃይለጊዮርጊስ ብለው፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያራራቁ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አድርገው፣ «የፈረምኩት ለጨዋታው ነው» አሏት ጸሐፊዋን። እሷ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባት እሺ ብላ ማኅተሙን መታችበት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሰርክ ክለቡ ቢሮ ተመልሳ ወረቀቱን አስገባች። ሰርክ፣ ሃኒና ጌድዮን ጎን ለጎን ቆመው አዩት። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ጌድዮን «ተመስገን!» ብሎ ጠረጴዛውን መታና ለአሠልጣኙ ሊደውል ወጣ። ሽማግሌው ደረጃው ከብዷቸው ከታች ከሕንፃው በር ላይ እየጠበቁ ነበር።

አንድ ገጽ ቀርቷል። ተጫዋቿ ብትጎዳ ወይም ብትታመም የሚደወልለት ሰው ስም፣ ስልክ፣ ዝምድና። ሰርክ ኪቦርዱን ወደ ሃኒ ገፋ አደረገችላት። ሃኒ ጎንበስ ብላ ስሙን ጻፈች፤ የእንጦጦውን ስልክ ቁጥር ሳታይ በቃሏ ጻፈች። ዝምድና የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ። ከዚያ «አባት» ብላ ጻፈችና ሰርክን ሳታይ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ሰርክ አነበበችው። እንደ ልማዷ አራት ጊዜ አነበበችው። ይኸው ሰው አባቷ አይደለሁም ብሎ የማለበትን ወረቀት ከአሥር ደቂቃ በፊት በገዛ እጇ አስገብታለች። ዳሬሰላም ላይ ሁለቱን ገጾች አስተያይቶ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ኪጋሊ ላይ ተገኝቶ ነበር። «አያት» ብላ ማረም ነበረባት። ጠቋሚውን ቃሉ ላይ አድርሳ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። ሃኒ ከመስኮቱ ሆና ቁልቁል ለአንድ ሰው እጇን ታውለበልባለች።

ሰርክ ጣቷን አነሳች። ቃሉን ሳትነካው ዝርዝሩን ላከችው።