የቃጫው ዘመድ

ጋሽ ማስረሻ ማሽተት ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ክፉ ጉንፋን ይዟቸው ሲለቃቸው ሽታን ይዞባቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወጡም፣ ዝናቡም፣ በሚኖሩበት በስዊድን፣ ሰፈራቸው ባለው በአልቢ ሐይቅ ዳር የሚጠበሰው ሥጋም አንድ ሆነባቸው። ሐኪሟ ይታገሡ ብላቸዋለች። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸውና መጠበቁን ያውቁበታል፤ ግን ቀኑን የሚያሳልፉት በእንቅልፍ ልብ እንደሚሄድ ሰው ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ርሆቦት ከሜክሲኮ ተመለሰች። ከተማ መሀል መጠጥ ቤት ትሠራለች፤ ተኪላ የሚባለውን የአገሩን አረቄ አወጣጥ ልትማር ወር ሙሉ እዚያ ቆይታለች። በረንዳው ላይ ውሃ የመሰለ ነጭ ተኪላ አስቀምጣ፣ ስዊድንኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለች ታወራቸው ጀመር። የአገሩ ሰዎች ስፔኖች ሳይመጡባቸው በፊት አጋቬ ከሚባለው ተክል ጭማቂ ጠምቀው ይጠጡ ነበር፤ ተኪላው የመጣው ኋላ ነው። ተክሉ እስኪደርስ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ቅጠሉን ገፈው አናናስ የሚመስለውን ልቡን ያበስሉታል፤ ጨምቀው ያብላሉትና እንደ አረቄ ሁለት ጊዜ ያወጡታል። ነጩ በርሜል ውስጥ ስለማይከርም የተክሉ ጠረን አይለቀውም።

ከዚያ ፎቶ አሳየቻቸው። ጦር የመሰለ ቅጠል፣ ረድፍ በረድፍ፣ እስከ ተራራው ግርጌ።

«ይሄማ ቃጫ ነው» አሉ።

«ዘመዱ ነው፣ አባዬ። የት ታውቀዋለህ?»

አባታቸው ገመድ ሠሪ እንደነበሩ ነግረዋት አያውቁም። አሁን ነገሯት፤ በልጅነታቸው የቃጫውን ቅጠል ከአባታቸው ጋር ሲቀጠቅጡ፣ አረንጓዴው ውሃ ክንዳቸውን ሲያሳክካቸው።

ርሆቦት በትንሽ ብርጭቆ ቀዳችላቸው። አፍህ ውስጥ ያዝ አድርገውና በአፍንጫህ ተንፍስ አለቻቸው። መጀመሪያ ማቃጠሉ ብቻ ተሰማቸው። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሩቅ አንድ ቀጭን ነገር መጣ፤ የተቀጠቀጠ ቅጠል፣ እርጥብ አፈር፣ በጠዋት ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ። በረንዳው የተንሳፈፈ መሰላቸው።

«ቅጠሉ ሸተተኝ» አሉ በዝግታ።

ርሆቦት በስዊድንኛ አንድ ነገር አጉረመረመችና እጃቸውን ያዘች። ወዲያው ከማድ ቤት ያገኘችውን ሁሉ እያመጣች አፍንጫቸው ሥር ያዘችላቸው። በርበሬው ዝም አላቸው፤ ቅርንፉዱም ዝም። የሎሚው ልጣጭ ግን በስሱ፣ በጣም በስሱ፣ መጣላቸው።

ርሆቦት አያቷን በፎቶ እንኳ አይታቸው አታውቅም። የገመድ ሠሪው እጅ ምን ይመስል እንደነበር አባቷን ጠየቀቻቸው። እኚያ ዝምተኛ ሰው እስከ ራት ድረስ ሲነግሯት ቆዩ።