የቢያዝን ዘንባባ

ታረቀ ሃያ ዓመት ሙሉ የሆሳዕናን ዘንባባ ከዓባይ በረሃ በበቅሎ እየጫነ ለደብሩ አምጥቷል። ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። የሚፈልገው አባ ወልደ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ስሙን ጠርተው ሲመርቁት ሰው ሁሉ እንዲሰማ ብቻ ነበር።

ጎረቤቱ ቢያዝን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲመለስ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ችግኝ ይዞ መጣ፤ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ዘንባባ።

“ደብረ ማርቆስ ላይ? ውርጭ ይጨርሰዋል” አለ ታረቀ። በየኅዳሩም በአጥሩ ቀዳዳ እያየ ጠበቀ። የቢያዝን ሚስት ጥላነሽ ግን በክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ቦይ ቀደደችለት፤ ለውርጩ ጆንያ አለበሰችው። በሰባት ዓመቱ ከአጥሩ በላይ ሆነ፤ በቀዳዳ ማየትም አላስፈለገ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል አባ ወልደ ሰንበት ታረቀን ጠርተው፣ “የዘንድሮው ዘንባባ ከቢያዝን ግቢ ይቆረጣል። አንተ እረፍ” አሉት። ታረቀ ማረፍ እንደሚፈልግ ለማንም አልተናገረም ነበር።

ሚስቱ ሸጊቱ፣ “ደግ አደረጉ፤ በቅሎዋም ትረፍ” አለች።

በሆሳዕና ዋዜማ ቢያዝን ማጭድ ይዞ መጣ።

“ጋሼ ታረቀ፣ እኔ የማውቀው መሪ መጨበጥ ነው። እርስዎ ይቁረጡልኝ።”

ከዘንባባው ሥር ሲደርሱ ቢያዝን መሀል ላይ የቆመውን፣ ገና ያልተፈታውን ቀንበጥ አሳየው።

“ከዚህ ይጀምሩ። ጌሾ ጫፉ ሲቆረጥ አይደል ቅርንጫፍ የሚያበዛው? ይሄም ለከርሞ አሥር ራስ ያወጣል።”

ታረቀ ነገሩን ያውቀዋል፤ ዘንባባ ያለው አንድ ራስ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ አበቃለት። ሰባት ውርጭ ያልቻለውን ነገር ባለቤቱ ራሱ አድርግልኝ እያለው ነው። ማጭዱን ቀንበጡ አንገት ላይ አሳረፈ።

ቢያዝን አጠገባቸው ወደቆመችው ሚስቱ ዞረ። “አላልኩሽም? ዘንባባና ጌሾ አንድ ናቸው!”

“ምን አንድ ናቸው!” ታረቀ ጮኸ። “የምን ጌሾ! ይሄ ልቡ ነው፤ ቆረጥከው ማለት ገደልከው! የሚቆረጠው የታችኛው ነው፤ እሱም ከግንዱ ስንዝር ርቆ። ደግሞስ ጆንያውን አናቱ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ የምታስሩት ምን በድሏችሁ ነው? ያፍነዋል!”

ቢያዝን አፉን ያዘ። “እግዜር ነው የላከዎት!”

ታረቀ ማጭዱን ቀንበጡ ላይ ሲያሳርፍ ማን እንደላከው ያውቃል። የታችኞቹን ቅጠሎች አንድ በአንድ ቆረጠ፤ እሱ በረሃ ወርዶ ካመጣቸው ሁሉ የለመለሙ ነበሩ። ጥላነሽ ጠላ ቀዳችለት። ሊነቅፈው አስቦ ቀመሰው።

እሱም ጥሩ ነበር።