የጽጌ መርዶ

ወንድወሰን ጽጌን ሁለቴ በድሏታል። ሁለቱንም ጊዜ ግን ትክክል የሠራ መስሎት ነበር።

ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለ ትምህርት ቤት ለይቶ ማቆያ ገብተዋል፤ ኃላፊው የኅብረተሰብ ጤና ሆላንድ ተምሮ የመጣው ወንድወሰን ነው። በሩን ያዘጋው እሱ፣ ሰው ከሰው ሁለት ሜትር ይራራቅ ያለውም እሱ።

«ዶክተር፣ ሁለት ሜትር ከየት ይምጣ?» ይለው ነበር ዘበኛው ሙሐዲን። «የእኛ ሰፈር መንገድ እኮ ሁለት አህያ አያሳልፍም! ወላሂ፣ እንራራቅ ካልን አንዳችን ግንቡ ላይ መውጣታችን ነው።»

ወንድወሰን ይስቃል፤ ደንቡን ግን አያላላም። ከሴቶቹ አንዷ ጽጌ፣ እናቷ አቦከር ሰፈር ታመው መተኛታቸውን ሰምታ፣ «በር ላይ ቆሜ ልያትና ልመለስ» ብላ ስትለምነው፣ «ለአንቺ ብፈቅድ ለሌላው ምን እላለሁ?» አላት። ሳምንት ሳይሞላ እናትየው አረፉ።

የሟቿ ወንድም አቶ ጌታቸው ደወሉለት።

«አደራህን፣ ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትል። ስትወጣ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እናረዳታለን።»

«ማወቅ እኮ መብቷ ነው፣ ጋሼ።»

«መብቷማ ነው። ስትወድቅ ማን ይይዛታል?»

ወንድወሰን ሲያወላውል አደረ። መውጣቱን ከልክሏት እውነቱንም ቢከለክላት፣ ከእስር ቤት ጠባቂ በምን ይለያል? በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ግቢው መሐል አስጠርቷት፣ አፍና አፍንጫውን እንደሸፈነ ነገራት።

ጽጌ መሬት ላይ ተዘረረች። ሴቶቹ ከየክፍሉ እየጮኹ ሲወጡ፣ «በየቦታችሁ!» ብሎ የመለሳቸው እሱ ራሱ ነው። አፈር እየቧጠጠች ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። እሱም ራቅ ብሎ ቆሞ አየ።

ተነሥታ አቧራዋን ስታራግፍ፣ «መስማቴን ለአጎቴ እንዳትነግረው» አለችው። «አደራዬን በላ ብሎ ይቀየምሃል።»

የወጣች ዕለት አጎቷ ቤታቸው አሳደሯት። «እናትሽ ጠበል ሄዳለች» አሏት፤ ያመነች መሰለች። ጎህ ሲቀድ የቅርብ ዘመዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ወንድወሰንም ተጠርቶ ከኋላ ቆሟል። አቶ ጌታቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሴቶቹ እሪ አሉ።

ጽጌ ፊቷን ሸፈነች። እንባ አልመጣላትም። ልትጮኽ ሞከረች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ግን ሳል የሚመስል ነገር ነው።

«ኧረ ምነው!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ወይንሸት፣ አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው። «ለወለደች እናት እንዲህ ነው እንዴ የሚለቀሰው? አረብ አገር አንጀቷን አድርቆባታል!»

ወንድወሰን ሰማ። ቀድሞ ያስለቀሳት እሱ መሆኑን ሊናገር ፈለገ፤ ዞር ሲል ግን ጽጌ ከነጠላዋ ሥር አየችው፤ «እንዳትናገር» በሚል ራሷን በስሱ ነቀነቀች።

ሴቶቹ ግራና ቀኝ አጥብቀው ይዘዋታል። እሷ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ የምትወድቅ አትመስልም።