የቱሊፕ መንገድ ጦርነት

ሰውየው ማክሰኞ ጠዋት፣ ማዘጋጃ ቤቱን ከፍቼ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ገባ። ጫማው ንጹሕ ነው። ሳን-ሎሜር ውስጥ በየካቲት ጭቃ ንጹሕ ጫማ ያደረገ ሰው ወይ ግብር ሰብሳቢ ነው ወይ መሬት ፈላጊ፤ ሁለቱንም አልወድም።

«የ1832ቱን የመሬት ካርታ ማየት እችላለሁ?» አለኝ።

«ለምን ጉዳይ?»

«ለጦርነት።»

ቀና ብዬ አየሁት። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ማለቴ... ለጨዋታ ነው፣ እመቤት።»

ሙሴ ኮርኒየ ይባላል፤ ሬምስ ከተማ የጥርስ ሐኪም ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቹ ጋር በካርታ ላይ የድሮ ጦርነት ይጫወታል። አሁን የያዙት የ1814ቱን ዘመቻ ነው፤ የፕሩሲያ ጦር በእኛ በኩል ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ። ሳን-ሎሜር ላይ የተደረገ ውጊያ የለም፤ ተደርጎ ቢሆን ኖሮስ የሚለውን ነው የሚጫወቱት። ችግሩ ካርታው ነው። ባለፈው ዓመት ስም ያጣላቸውን ቦታዎች ከራሱ እየፈጠረ ሞላቸውና፣ ገጠር ያደገ አንድ ተጫዋች ሰው ሁሉ ፊት «እነዚህ የመንደር ስሞች ናቸው የሽቶ?» ብሎ መሳቂያ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሰው ያልጠራውን ስም ካርታዬ ላይ አላሰፍርም ብሎ ምሏል።

ልስቅበት ነበር። አርባውን ያለፈ ሰው፣ በእንጨት ወታደር! ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያ ዝርዝር ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቤት የመንገድ ስምና ቁጥር ይኑረው የሚል ሕግ መጣ። ከንቲባችን ሬዢስ ብሩኖ ጭቅጭቅ አይወድም፤ አሥራ አራቱን የገጠር ሰፈሮቻችንን በአበባ ስም ሰይሟቸው አረፈው። «በአበባ የሚጣላ የለም፣ ኦዲል» አለኝ። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፣ ዓርብ የብረት ሰሌዳዎቹ ይታዘዛሉ፣ በቃ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ጸሐፊ ነኝ፤ መተየብ እንጂ ድምፅ መስጠት የለኝም። የተወለድኩበት ቤት ትሮምፕ-ሱሪ ይባላል፤ አይጥ አታላይ ማለት ነው። ድሮ ወፍጮ ነበር፤ እህል ስለማይገባበት አይጦቹ እንኳ ተሸውደው ይመለሱ ነበር ይላሉ። በዚህ ስም ልጅነቴን ሙሉ ተስቆብኛል። አሁን «ሊላ መንገድ፣ ቁጥር 2» ሊባል ነው። እሱን ስተይብ አልቅሻለሁ ብል እዚህ መንደር የሚያምነኝ የለም፤ ግን አልቅሻለሁ።

ስለዚህ የቁምሳጥኑን ቁልፍ አነሳሁ።

የካርታው አንዱ ገጽ ብቻ የአልጋ ልብስ ያክላል። ሙሴ ኮርኒየ የበሽተኛ አፍ እንደሚያይ ሆኖ አጎነበሰበትና ወዲያው ጮኸ።

«ኧርትቢዝ! ነፋስ የሚገጨው!»

«ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። በደንብ አድርጎ ይገጨዋል!»

«ቱርን-ብሪድ! ልጓምህን አዙር?»

«መንገዱ እዚያ ያልቃላ! ፈረስህን አዙረህ ከመመለስ በቀር ምን ታደርጋለህ?»

አንተ ማለቴን ያስተዋልኩት በኋላ ነው፤ እሱም ቅር አላለውም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁለታችንም እንጮህ ነበር። ደብዳቤ ልታስመታ የመጣች ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ አየችንና ቀስ ብላ ተመለሰች።

ከዚያ መጨረሻውን ገጽ ገለጥን። ከወንዙ ወዲያ ያለው አገር በሙሉ እርጥበት በልቶት እንደራሰ ዳቦ ፈራርሷል። የሙሴ ኮርኒየ ፊት ጠቆረ። ፕሩሲያዎቹ የሚመጡት ለካ በዚያ በኩል ነው።

«ማን ያውቀዋል?» አለኝ።

«አንድ ሰው ብቻ። አባባ አንሴልም፤ የከንቲባው አባት።»

በማግስቱ ሄድን። አባባ አንሴልም ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ማላሲዝ በሚባለው እርሻቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤቱ ዳገት ላይ ተንጋዶ የተሠራ ነው፤ ማላሲዝ የተባለውም አቀማመጡ የማይመች ስለሆነ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ሙሴ ኮርኒየ እርሳሱን ቀረጸ።

«ከወንዙ ወዲያ ያሉት ማሳዎች ምን ምን ይባላሉ?»

«ማሳ ይባላሉ» አሉ።

«ስማቸው ማለቴ ነው።»

«ምን ስም አለው? መሬት መሬት ነው።»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከዚህ አልወጡም። ደብቀውን አይደለም፤ ፊታቸው ላይ ይታያል፣ ከልባቸው ፈልገው አጥተውታል። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ተነስቼ በመስኮት ወደ ግቢው ስመለከት ብርቱካንማውን አሮጌ ትራክተር አየሁት።

«አባባ አንሴልም፣ ያ ነገር ይነሳል?»

«ከዚህ ሐኪምሽ ቀድሞ ይነሳል» አሉ።

ተነሳም። አባባ አንሴልም መሪውን ጨብጠው ወንዙን እንደተሻገርን፣ ግራ ሲታጠፉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ሻን ክሮሹ» አሉ። ቆልማማው ማሳ! ቀኝ ሲዞሩ «ፎስ-ኦ-ሉ»፤ የተኩላ ጉድጓድ። እጃቸው ሲዞር አፋቸው ይከፈታል። ስድሳ ዓመት ያረሱት አገር በጭንቅላታቸው ሳይሆን በክንዳቸው ውስጥ ነበር! ሙሴ ኮርኒየ አንዱ የጎማ መከለያ ላይ፣ እኔ ሌላው ላይ ተንጠልጥለን፣ እሱ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይጽፋል። ያ ንጹሕ ጫማ አበቃለት። «ቀስ ይበሉ! ቀስ!» እያለ ይጮሃል፤ እሳቸው ደግሞ አይሰሙም። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ስንመለስ አባባ አንሴልም ሞተሩን አጥፍተው ከወንበራቸው አልወረዱም።

«ኦዲል፣ የኔን ቤት ምን አደረጋችሁት?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ቱሊፕ መንገድ።»

 «ቱሊፕ ተክዬ አላውቅም» አሉና ገቡ።

ጨዋታው ለእሁድ ሬምስ ላይ ነበር የተያዘው። እኔ ነኝ የመንደራችንን አዳራሽ ውሰዱት ያልኩት። ሙሴ ኮርኒየ የሦስት ሜትር ካርታ አነጥፎ ስሞቹን በሙሉ በእጁ ጽፎበት ሲጠብቅ፣ መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከዚያ ሚስቶቻቸው፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ሰርግ ቤት ሞላ። ሁሉም መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ማሳ ነው። «ይኸው የኔ! ይኸው!» አባባ አንሴልም በእሁድ ኮታቸው ከማላሲዝ አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

ሬዢስ እንደ ከንቲባ አምስት ደቂቃ ቆሞ ሊሄድ ነበር የመጣው። ሙሴ ኮርኒየ ግን ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠውና «ጄኔራል፣ ሳን-ሎሜርን የሚከላከል ሰው የለንም» አለው። አሞኘው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ተከላካዩ አዛዥ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ወጥ ቤት ይቀመጣል፣ ጠረጴዛውን አያይም፣ ከጦር ሜዳ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፣ ትእዛዙን ጽፎ ይልካል። መልእክት ጸሐፊዋ ማን ትሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ካርታ ልስጥህ?» አለው ሙሴ ኮርኒየ።

«ለኔ? እዚህ ተወልጄ?» አለ ሬዢስ።

ጠዋቱን ያየ ሰው ሬዢስ አንበሳ ነው ይላል። «ሁለት መድፍ ኧርትቢዝ ላይ! ፈረሰኛው ፎስ-ኦ-ሉ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቅ! ሻን ክሮሹ ላይ ጭቃ ነው፣ መድፋቸው ይሰምጣል፣ ተዋቸው ይግቡ!» ፀጉሩ ቆሟል፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል። የፕሩሲያ አዛዥ የነበረው የሬምስ ፋርማሲስት ላቡን ይጠርጋል፣ አዳራሹ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ያጨበጭባል። በምሳ ላይ፣ ቋሊማ በምስር እየበላን፣ ሬዢስ በሹካው ሳህኑ ላይ ጦሩን ያሰልፍ ነበር።

ከምሳ በኋላ ከቦርሳዬ ዝርዝሩን አወጣሁ።  ተንኮል ነው? ነው። ፕሩሲያዎቹ ወንዙን ተሻግረው አንድ እርሻ ከበው ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጠላት ቱሊፕ መንገድን ከቧል። አሥር ደቂቃ አንቆይም። ድረሱልን!»

ሬዢስ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ቱሊፕ መንገድ ምንድን ነው?»

«ከዝርዝርህ ነው። ሐሙስ የምታጸድቀው።»

«አውቃለሁ!» አለ።

አላወቀም። «የትኛው ነበር?» ቢለኝ እነግረው ነበር፤ በእናቴ ስም፣ እነግረው ነበር። ግን የወጥ ቤቱ በር ላይ ግማሽ መንደር ተደርድሮ ያየዋል፣ ከንቲባ ደግሞ ራሱ ያወጣውን ስም አይጠይቅም። ጣራውን አየ፤ በጣቱ ቆጠረ።

«ተጠባባቂው ጦር በሙሉ ወደ ቱርን-ብሪድ! ቱሊፕ ማለት እሱ ነው።»

ትእዛዙን ተሸክሜ ሄድኩ። በሕይወቴ አፌን መዝጋት እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ሙሴ ኮርኒየ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሰማያዊዎቹ የእንጨት ወታደሮች አንድ በአንድ ተነስተው መንገድ ወደሚያልቅበት ዳር ሄዱ። የሬምሱ ፋርማሲስት ዕድሉን ማመን አቅቶት ሦስት ቀያይ ወታደሮቹን ማላሲዝ ላይ ገፋ።

ሬዢስ ድሉን ሊያይ ከወጥ ቤቱ ሮጦ ወጣ። ማላሲዝ ላይ ቀዩን ወታደር አየ።

«ማላሲዝ እንዴት ተያዘ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

 እኔ የመልእክት ወረቀቶቹን ያዝኩ እንጂ አልሰጠሁትም፤ ፈራሁ። የተናገሩት አባባ አንሴልም ናቸው፤ አልተቆጡም።

«ተነግሮሃል። እኔ ነኝ የጠራሁህ፣ ልጄ። አልመጣህም።»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ አባዬ» አለ ሬዢስ። ድምፁ ግን የጨዋታ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ሬዢስ ገብቶ ተቀመጠ፣ ዝርዝሩን ከፊቱ አነሳና ገለበጠው።

«ቁጥሩ ሕግ ነው፣ ይኖራል። ስሙን ግን እኔ እላለሁ፣ አንቺ ጻፊ።» ወደ እኔ ዞረ። «ትሮምፕ-ሱሪ። ያቺ ተንኮለኛ አይጥ ያለችበት።»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን እንባ ሞልቶ ወረቀቱ ጠፋብኝ። ኧርትቢዝ አለ፣ ቱርን-ብሪድ አለ፣ ከወንዙ ወዲህ ካሉት ሰባቱን ጨረሰ። ከዚያ ቆመ። ከወንዙ ወዲያ ያሉት፣ በማሳቸው ስም የሚጠሩት ሰፈሮች፣ እሁድ በጨዋታው ግለት እንደመጡለት አሁን አልመጡለትም። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ የሙሴ ኮርኒየ ጭቃ የነካው ማስታወሻም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ግን መሳቢያውን አልከፈትኩም።

ሬዢስ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አየር ጨበጠ፤ በልጅነቱ የአባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የጨበጠውን መሪ። ወደ ግራ አዞረ፤ አንድ ስም መጣ። ወደ ቀኝ አዞረ፤ ሌላ መጣ። ምክር ቤቱ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም። ብዕሬ ሊደርስበት አልቻለም፤ ቀስ በል ማለት ፈለግሁና አልደፈርኩም።

ስድስት ቆጠርኩ። ለሰባተኛው ወንዙን መልሶ የተሻገረ ይመስል መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ዳገቱ አዞረና እጆቹን አወረደ።

«ማላሲዝ» አለ። «እዚህ ነው የምወርደው።»

ጻፍኩት።