ከሥልሳ ኪሎ በላይ

ስጦታው አፉ አያርፍም። ሞጣ ባለው ወርክሾፕ ለሙከራ የምትሠራውን፣ አንድ ሰው ብቻ የምትጭን ቀላል ወታደራዊ ሄሊኮፕተር ንድፏን ያወጣው እሱ ነውና፣ «ከእኔ በፊት ማንም አይቀመጥባትም!» ብሎ ሰው ፊት ፎከረ። ማን አስገደደው? ማንም!

ኋላ በገመድ ታስራ ስትሞከር፣ ከላይ ከሚሽከረከሩት ክንፎች አንዱ ተገንጥሎ የቆርቆሮውን አጥር ቀዶት ሄደ። ክንፉ ተቀየረ፤ ስጦታውን ግን ፍርሃት አልለቅ አለው። ሞተሯ ከሥልሳ ኪሎ በላይ የሚመዝን አብራሪ አታነሣም። እሱ ደግሞ ቀጫጫ ነው፤ ሑዳዴ ሲገባማ ጭራሽ ይከሳል። ታዲያ ከሥልሳ ለማለፍ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዕቃ ልገዛ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢቸና ይሄድ ጀመር። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ለማይጦሙ እንግዶች ፍስክ የሚሠራ ምግብ ቤት አለ። እዚያ ጥግ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በቅቤ ያበደ ጥብስ ይበላል። እግዚኦ! የቄስ ልጅ እኮ ነው! እያንዳንዱን ጉርሻ በስውር እያማተበ ይውጠዋል።

የበረራው ቀን ሙከራውን ሊያዩ የመጡ ወታደራዊ መሐንዲሶች ሚዛን አስቀመጡ። ስጦታው ወጣበት፤ ሥልሳ አራት።

«አይ፣ እኔማ አልሆንም» አለ፣ ያዘነ መስሎ። ሰው ሁሉ በጦም ገርጥቶ የእሱ ጉንጭ ብቻ ወዝቷል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ በሆዱ።

«እኔ እገባለሁ» አለች ፅጌረዳ። የሄሊኮፕተሯን ብረት የበየደችው እሷ ናት፤ መሪዋንም አብራው ተለማምዳለች። ሚዛኑ ላይ ወጥታ ከሥልሳ በታች መሆኗ ታየና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቀበቶዋን ሊያስርላት ጎንበስ ሲል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሽ ስጦታው፣ እህቴ ቢቸና አይታዎታለች» አለችው።

ስጦታው ክው አለ።

«ፈራሁ ቢሉኝ ያኔውኑ እገባልዎት ነበር። ጦምዎን ለምን ገደፉ?»

 ከሄሊኮፕተሯ ሥር የተገጠመው የጦር መሣሪያ ማስቀመጫ ቢፈታ ክብደቱ ተካክሶ እሱም መብረር ይችላል፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ውረጂ፣ እኔ ልግባ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደረሰ። አልወጣም። ቀበቶዋን አሰረላትና ወደ ኋላ ሸሸ።

ሄሊኮፕተሯ ተነሣች። ከባሕር ዛፎቹ በላይ ዞር ዞር ብላ በደህና አረፈች። ግቢው በእልልታ ቀለጠ። መሐንዲሶቹ ሊጨብጧት ሲሮጡ፣ ፅጌረዳ ላቧን እየጠረገች፣ «እሳቸውን ጨብጡ እንጂ! የሠሯት እሳቸው ናቸው» አለች።

ከልቧ ነበር። ስጦታው የተዘረጉለትን እጆች አንድ በአንድ ጨበጠ፤ ቀና ብሎ ግን ማንንም ማየት አልቻለም።