የጎን ስፌት

አልባሿ በጨለማው ውስጥ የተዋናይዋን ቀሚስ ወገቡ ላይ ጨብጣ ይዛለች። አልለቀቀችም።

ከመጋረጃው በስተጀርባ ልብስ የሚቀየረው ያለ መብራትና ያለ ቃል ነው። ተዋናይዋ ከመድረክ ሮጣ ትወጣለች፤ አልባሿ ቀሚሱን ወለሉ ላይ ከፍታ፣ ተንበርክካ ትጠብቃታለች። እግሮች ይገባሉ፣ ቀሚሱ ሽቅብ ይሳባል፣ የጀርባው መንጠቆዎች ከታች ወደ ላይ በዳሰሳ ይያያዛሉ። በመጨረሻ የተዋናይዋ ጣቶች የአልባሿን አንጓ መታ መታ ያደርጋሉ። «ልቀቂኝ» ማለት ነው። ይህን ምልክት ሌላ ሰው አያውቀውም፤ የአልባሿና ይህን ቀሚስ ትለብስ የነበረችው ታናሽ እህቷ ብቻ ነበር።

ታናሽ እህቷ ከሞተች ክረምቱ አልፏል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቀሚሱ ውስጥ የቆመችው ሌላ ሴት ናት፤ ስለ ምልክቱ የነገራት የለም። መንጠቆዎቹ ተያይዘው አልቀዋል። አልባሿ ግን አንጓዋ ላይ የሚያርፉትን ጣቶች ትጠብቃለች። መድረኩ ላይ ባል ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ሚስቱን ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። ከተመልካቹ መሐል አንድ ሰው ሳለ።

«እትዬ፣» አለች አዲሷ ተዋናይ በሹክሹክታ፣ «ልሂዳ!»

የአልባሿ እጆች የተከፈቱት ያኔ ነው።

ዕረፍት ሲሆን፣ ሁሉም ፊሽካ የሚለው የመድረክ መሪ ወደ መልበሻ ክፍሉ ዘው ብሎ ገባ። «አስረሽ ያዝሻት እንዴ? ሰውየው እኮ የሚሠራው ቢያጣ ጠረጴዛ መወልወል ጀመረ! ትንሽ ብትቆዪ መጋረጃውንም አውርዶ ያጥብልን ነበር።» ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። አልሳቀችም።

ከኋላው አዘጋጁ ገባ። ሲቆጣ ድምፁ የሚቀንስ ሰው ነው።

«ቀሚሱ ይስፋ ብዬሽ ነበር። ልጅቷ መራመድ አልቻለችም።»

«ትርፍ ጨርቅ የለውም።»

«እንግዲያው ለሦስተኛው ገቢር ከመጋዘን ሌላ ይውጣላት። ይሄኛው ወደ መጋዘን ይግባ። አንቺም ቤትሽ ገብተሽ ትንሽ ዕረፊ።»

መጋዘን የገባ ልብስ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። እጅጌው ለአንዱ፣ ጉርዱ ለሌላው እየተቆረጠ ይሄዳል። ቤት ገብቶ ማረፍ ምን ማለት እንደሆነም ገብቷታል።

ትርፍ የለውም ማለቷ ውሸት ነበር። ቀሚሱን የሰፋችው ራሷ ናት። ልኬት ስትወስድ እህቷ «ነገ ብወፍርስ? ጨርቅ ላይ እንኳ አትሰስቺብኝ» ብላ ስቃባት ነበርና፣ በግራና በቀኝ ጎን አራት ጣት ያህል አጥፋ አስቀርታለች። ያ እጥፋት ከተፈታ ግን ቅርጹ ይሄዳል። ቀሚሱ በእንጨት ማቆሚያው ላይ ሲሆን የግራ ትከሻው ዘንበል ይላል፤ የእህቷ ትከሻ እንዲያ ነበር። እጅጌው በክርኑ መታጠፊያ ላይ የሠራው ሽብሽብ የእህቷ ክንድ የሠራው ነው። ጠዋት ክፍሉን ስትከፍት፣ ቀሚሱ ማታ ካቆመችው ትንሽ ዞሮ፣ ወደ መስታወቱ ያየ ይመስላታል። ነገርን ሳታረጋግጥ የማታምን ሴት ናትና፣ አንድ ማታ በማቆሚያው እግር ዙሪያ በጠመኔ መስመር አሰመረች። ጠዋት መጥታ ጎንበስ ብላ አየች። ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። እፎይ ማለት ሲገባት ከፋት።

ወንዶቹ ከወጡ በኋላ አዲሷ ተዋናይ መንጠቆዎቹን ራሷ ለመፍታት ስትታገል ቆየችና ተወችው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እንዳትቀየሚኝ።»

«ጠይቂኝ።»

«ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ ያንን ረጅም ንግግር... እህትሽ የት ላይ ነበር የምትተነፍሰው?»

አልባሿ መልስ ከመስጠቷ በፊት ንግግሩን በልቧ አነበነበችው። «አትተነፍስም። በአንድ ትንፋሽ ነበር የምትጨርሰው።»

«ሰው እሷን ሊያይ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ይሁን። እኔ ግን ካልተነፈስኩ እወድቃለሁ።»

ይህን ያለችው ያለ ምሬት ነው፤ ውሃ ጠማኝ እንደሚል ሰው። አልባሿ መንጠቆዎቹን ፈታችላት። በልጅቷ የጎድን አጥንት ላይ ስፌቱ ሰንበር አውጥቷል። አልባሿ ሰንበሩን በጣቷ ሳትነካ ተከተለችው፤ ከብብት እስከ ወገብ፣ ያለ ማቋረጥ።

«አውልቂው፣» አለቻት። «በሩንም ዝጊው።»

ምላጩን የመጀመሪያው ክር ስር አስገባች። እጇ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሳበችው። ክሩ እየተበጠሰ ሲሄድ እሳት ላይ እንደ ወደቀ ጨው ይንጣጣ ነበር። የታጠፈው ጨርቅ ሲዘረጋ ደነገጠች፤ ደማቅ፣ ጥልቅ ቀይ ነው፣ ገበያ ሄደው ከእህቷ ጋር የመረጡት ቀይ። የቀረው ቀሚስ አጠገቡ ሲታይ የጡብ መልክ ይዟል። የመድረኩ መብራት ሲያደበዝዘው እንደኖረ ያየችው ገና አሁን ነው።

ካውያውን ስታሳርፍበት እንፋሎቱ ሽታ ይዞ ወጣ፤ ፓውደር፣ ላብ፣ የፀጉር ቅባት። እህቷ ራሷ ነበረች፣ ሙሉ በሙሉ፣ ከፊቷ የቆመች ያህል። አልባሿ ካውያውን ሳታነሳ ቆየች። ሁለተኛ ስትጫነው የወጣው የሞቀ ጨርቅ ሽታ ብቻ ነበር።

አዲሱን ስፌት በልጅቷ ገላ ላይ እየለካች ሰፋችው።

«ተንፍሺ።»

ልጅቷ በጥንቃቄ ሳበች።

«እንደሱ አይደለም። እስከ ሆድሽ።»

ፊሽካ በሩን ቆረቆረ። አልባሿ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ለአዘጋጁ ንገረው፣» አለችው፣ «ቀሚሱ ሰፍቷል።»

ሦስተኛው ገቢር ተጀመረ። አልባሿ እንደ ወትሮዋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች። ልጅቷ ወደ መብራቱ ስትገባ፣ በሁለቱ ጎኖቿ ላይ የወረዱት ደማቅ መስመሮች ወለል ብለው ታዩ። ረጅሙ ንግግር መጣ። የአልባሿ ከንፈር ድምፅ ሳያሰማ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ግማሹ ላይ ልጅቷ በድንገት አቆመች። የአልባሿ ከንፈር ብቻውን ጥቂት ቃላት አልፎ ሄደ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሲሳብ እስከ ኋላ ወንበሮች ተሰማ።

ያኔ አልባሿ በጎኗ ሰው ሊያልፍ ሲጠጋ ተሰማት። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ወደ ግድግዳው መጠጋት አለበት። ዞር ብላ አላየችም። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች፣ የቀሚሷንም ጫፍ ሰብሰብ አደረገች።

ፊሽካ ከመተላለፊያው ጫፍ አያት። «ምን ሆንሽ?» አለ በከንፈሩ።

ጣቷን አንስታ ዝም አሰኘችው። መድረኩ ላይ ንግግሩ ቀጠለ። እህቷ እስክታልፍ ጠበቀች።